በሮቦት ነው የሚሰራው ሲሏችሁ

ጎንደር ላይ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ሰው ስለ ሮቦት ኦፕሬሽን ያደረግኩት ንግግር ነው። ስልክ ላይ ከተቀዳው ነው የገለበጥኩት፣ አነጋገሩን ብዙ አልነካካሁትም፣ ከተጠየቅኩት ውስጥም የተወሰነውን መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያጣችሁ ግድግዳውን ተደገፉ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ ብዬ አልምልም። ዓመተ ምህረት ስጠራ ሁሉም በፈረንጅ ነው፣ ጥናቶቹ የወጡት በዛ ስለሆነ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፣ ሮቦቱ በራሱ ሰው አይቀድድም። ስንቱ ሰው ነው "ዶክተር፣ ውጪ ሀገር'ኮ የሰው እጅ አይነካህም አሉ፣ ማሽኑ ራሱ ነው ሚሰራው" የሚለኝ። እንዲህ አይደለም። ሰርጅኑ እዛው ክፍል ውስጥ ከታካሚው ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ አይኑን መመልከቻው ውስጥ ይከታል፣ በሁለት እጁ መያዣዎቹን፣ በእግሩ ፔዳሎቹን እያንቀሳቀሰ ነው ሚሰራው፣ ፔዳሉ እንዲሰማቸው ብለው ጫማቸውን የሚያወልቁም አሉ። ታካሚው አጠገብ ክንዶች ያሉት ጋሪ ይቆማል፣ አንዱ ክንድ ካሜራ ይይዛል ሌሎቹ መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ መርፌ መያዣ ይይዛሉ። ሰርጅኑ አንጓውን ሲያዞር ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሿ መሳሪያም ትዞራለች፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ ማሽኑ ያጣራለታል፣ ምስሉም ጥልቀት ኖሮት ጎልቶ ነው ሚታየው። አልጋው ጎን ደግሞ ሌላ ሐኪም ጋውን ለብሶ ቆሞ መሳሪያ ይቀያይራል፣ ደም ይመጥጣል። ሰመመኑ ያው ሙሉ ሰመመን ነው። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ ለፕሮስቴት ከሆነ ደግሞ ሰውየው ጭንቅላቱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ለሰዓታት ይተኛል፣ ልቡና ሳንባው ደህና ላልሆነ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በጣም የሚታወቀው ማሽን ዳ ቪንቺ ሚባለው ነው፣ የካሊፎርኒያው ኢንቱይቲቭ ሰርጂካል የሚሰራው። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍ ዲ ኤ በ2000 ነው የፈቀደው። በ2001 ደግሞ ዣክ ማሬስኮ የሚባለው ፈረንሳዊ ሰርጅን ዜውስ በሚባል ሌላ ሮቦት ኒውዮርክ ተቀምጦ ስትራስቡርግ የተኛችን ሴትዮ ሐሞት ከረጢት አወጣ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ ማለት ነው። ጉድ ነው። ግን ጉድ መሆኑና ለታካሚው የተሻለ መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ዛሬ ማታ የመጣሁት ሁለተኛውን ለማውራት ነው። ሮቦቱ የወይን ፍሬ ልጣጭ ሲሰፋ የሚያሳየውን ቪዲዮ ግማሻችሁ ቲክቶክ ላይ አይታችሁታል። የወይን ፍሬ ደም አይፈሰውም፣ ስኳርና ደም ግፊት የለበትም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ተመለሰበት ወይ ብሎም ሚጠይቀው የለም።

"ሮቦት ይሻላል ወይ" ስትሉኝ እኔ መልሼ ምጠይቃችሁ "ከምን?" ብዬ ነው። ሆድ ተከፍቶ ከሚሰራው ነው ወይስ ከላፓራስኮፒ? ላፓራስኮፒ ማለት በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና ረጃጅም መሳሪያ አስገብተን በቀጥታ በእጃችን ምንሰራው ነው፣ ያለ ሮቦት። ትንሽ ቁስል፣ ትንሽ ደም፣ ቶሎ መነሳት፣ ቶሎ ቤት መግባት፣ እነዚህ ሁሉ አብዛኛው ከትንሿ ቀዳዳ ነው የሚመጡት እንጂ ከሮቦቱ አይደለም። ማስታወቂያው ግን ሮቦቱን ሆድ ከተከፈተው ጋር ያወዳድርና ልዩነቱን በሙሉ ለሮቦቱ ይሰጠዋል፣ በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ ማለት ይሄ ነው። እና ሰው "በሮቦት ሁለት ቀን ብቻ ነው ሚተኙት" ሲላችሁ በላፓራስኮፒስ ስንት ቀን ይተኛል በሉት።

ሌላው፣ ሮቦት ያገኙትና ያላገኙት ሰዎች መጀመሪያውኑ አንድ አይነት አይደሉም። ሮቦት ያለው ሆስፒታል የሚሄደው ገንዘብ ያለው፣ ዕድሜው ያልገፋ፣ በሽታው ቶሎ የተያዘለት ሰው ነው ብዙ ጊዜ። ውጤቱ አማረ ተብሎ ለማሽኑ ቢጨበጨብ ጭብጨባው ለሀብቱም ለዕድሜውም ጭምር ነው። ለዛ ነው ዕጣ የተጣለበት ጥናት ምንፈልገው። ታካሚዎቹ ተስማምተው ማን በየትኛው መንገድ እንደሚሰራ ዕጣ ይወስናል፣ ሰርጅኑም ታካሚውም መርጦ አያደላም። አሁን ምነግራችሁ በአብዛኛው ከነዚህ ነው፣ ከነዚህ ያልሆነውን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ከፕሮስቴት እንጀምር፣ ሮቦት ስሙን ያተረፈው በሱ ስለሆነ። አውስትራሊያ ብሪዝበን ላይ 326 የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ወንዶች ዕጣ ወጣላቸው፣ ግማሹ በሮቦት ግማሹ ተከፍቶ። ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በ2016 ወጣ። ደሙን ካያችሁ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ በሮቦት በአማካይ 444 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በተከፈተው 1338 ገደማ። አልጋ ላይ የቆዩበት ጊዜም አጠረ። ግን ሰውየው ቤቱ ገብቶ ሚያስጨንቀው ምንድነው? ሽንቴን እቆጣጠራለሁ ወይ፣ ከሚስቴ ጋር እንደ በፊቱ እሆናለሁ ወይ ነው፣ ካንሰሩ አለመመለሱ እንዳለ ሆኖ። በነዚህ በሁለቱ በ12 ሳምንት ሲለካ ልዩነት የለም፣ በ24 ወርም ሲለካ የለም። 24 ወር ላይ ካንሰሩ መመለሱን የሚጠቁመው የደም ምርመራ፣ ፒ ኤስ ኤ ሚባለው፣ በሮቦቱ በኩል ትንሽ የተሻለ ነበር፣ ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው ከኦፕሬሽኑ በኋላ የተሰጠው ተጨማሪ ሕክምና ለሁለቱም ወገን አንድ ወጥ ስላልነበረ በጥንቃቄ እዩት ብለዋል። አሁን የምትደነቁበት፣ በዛ ጥናት እያንዳንዱን መንገድ የሰራው አንድ አንድ ሰርጅን ነው፣ የከፈተው ሰውዬ ከዛ በፊት ከ1500 በላይ የሰራ፣ የሮቦቱ ደግሞ 200 ገደማ። አጥኚዎቹ ለታካሚ የመከሩትም ከመንገዱ ይልቅ ልምድ ያለውና የምታምኑትን ሰርጅን ምረጡ ብለው ነው። እኔም ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም።

እዚህ ላይ አባቶች ስላላችሁ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሽንት እየተቆራረጠ፣ ሌሊት አምስት ጊዜ እየተነሱ፣ ኋላም ጭራሽ ተዘግቶ በቱቦ የሚመጡ አባቶች አሉ፣ ከደባርቅም ከመተማም ከየት ከየትም። አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም፣ ፕሮስቴቱ በዕድሜ ነው ያበጠው። ለሱ መድኃኒት አለ፣ አልሆን ካለም በሽንት መውጫው በኩል ገብቶ የሚላጠው ቲ ዩ አር ፒ ሚባለው አለ፣ ቆዳ እንኳ አይቀደድም። ልጆቻችሁ ዲሲ ሆነው ኢንተርኔት ላይ "ፕሮስቴት" ብለው ሲፈልጉ የሚመጣላቸው የካንሰሩ ሮቦት ነው፣ "አባዬን በሮቦት እናሰራው" ይሉና ገንዘብ ማሰባሰብ ይጀመራል። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይታወቅ እንጂ።

የሽንት ፊኛ ካንሰርን ቶሎ ልለፈው። ሬዘር የሚባለው የአሜሪካ ጥናት፣ 350 ሰው፣ 2018 ላይ የወጣ፣ ካንሰሩ ሳይመለስ ሁለት ዓመት የቆዩት በሮቦት 72.3 በመቶ በተከፈተው 71.6 በመቶ፣ እኩል ማለት ነው፣ ደሙ አነሰ ኦፕሬሽኑ ረዘመ። እንግሊዞቹ ደግሞ በ2022 የለኩት አሪፍ ነገር ነው፣ ከ90 ቀን ውስጥ ሰውየው በሕይወት ሆኖ ከሆስፒታል ውጪ ስንት ቀን ቆየ ብለው፣ 82 እና 80 ቀን መጣ፣ ለሮቦቱ በሁለት ቀን ተሻለ። የቁስል ችግርና የደም መርጋትም ቀነሰ። የጉሮሮ ካንሰር፣ ማለት ምግብ የሚወርድበት ቱቦ፣ ሆላንድ ዩትሬክት ላይ 112 ሰው ብቻ ያለበት ጥናት አለ፣ ኮምፕሊኬሽን፣ ማለት ኦፕሬሽኑን ተከትሎ የሚመጣ ችግር፣ በሮቦት 59 በተከፈተው 80 በመቶ። ትልቅ ልዩነት ነው፣ ግን አንድ ሆስፒታል ነው፣ የተወዳደረውም ደረት ተከፍቶ ከሚሰራው ጋር ነው፣ ቅድም ያልኩትን "ከምን?" አትርሱ። ደግሞ 59 በመቶ ሲባል ከግማሽ በላይ'ኮ ነው፣ የጉሮሮ ካንሰር ኦፕሬሽን በማንም እጅ ከባድ ነው።

የፊንጢጣ ካንሰር ላይ ነገሩ ይጣፍጣል፣ ምክንያቱም ውድድሩ ከላፓራስኮፒ ጋር ነው፣ ትክክለኛው ውድድር። ዳሌ ጠባብ ቦታ ነው፣ የወንድ ደግሞ የባሰ፣ ወፍራም ሰው ከሆነማ ረጅሙ የላፓራስኮፒ መሳሪያ እዛ ጥግ ውስጥ ሲገባ አልታዘዝ ይላል፣ ሮቦቱ አንጓ ስላለው የተሻለ ይሆናል ተብሎ ነበር የታሰበው። ሮላር የሚባለው ጥናት በ2017 ወጣ፣ ከ10 ሀገር 471 ሰው። በትንሽ ቀዳዳ ተጀምሮ አልሆን ብሎ ሆድ ተከፍቶ የተጨረሰው በላፓራስኮፒ 12.2 በመቶ፣ በሮቦት 8.1። ልዩነቱ በስታትስቲክስ አልጸናም፣ በዕድል ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሮቦት አፍቃሪዎቹ አኮረፉ፣ ከተካፈሉት ሰርጅኖች ብዙዎቹ ላፓራስኮፒውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ሮቦቱን ግን ገና እየለመዱት ነው አሉ፣ እውነትም አላቸው። ቀጥሎ ቻይናዎቹ መጡ፣ ሪል የሚባል ጥናት፣ 11 ሆስፒታል፣ 1240 ሰው፣ በሁለቱም መንገድ የበሰሉ ሰርጅኖች። ሶስት ዓመት ጠብቀው ካንሰሩ እዛው ቦታ ተመለሰ ወይ ብለው አዩ፣ በሮቦት 1.6 በመቶ በላፓራስኮፒ 4.0። ይሄ በ2025 ነው የወጣው። ልዩነቱ ትንሽ ነው ግን እውነተኛ ነው፣ እኔን ብትጠይቁኝ ለሮቦት ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው፣ ለመሀለኛውና ለታችኛው የፊንጢጣ ክፍል ካንሰር ብቻ፣ ያውም በበሰለ እጅ። ወደ ሌላ ኦፕሬሽን ተጎትቶ አይወሰድም።

አሁን ቀስ ብዬ ማወራው የማህፀን በር ካንሰርን ነው። ሀገራችን ውስጥ ከሴቶች ካንሰር ከጡት ቀጥሎ ያለው እሱ ነው። ቶሎ ከተገኘ ማህፀኑን ከዙሪያው ጋር በሰፊው እናወጣዋለን፣ ለብዙ ዘመን ሆድ ተከፍቶ ነበር የሚሰራው። ኋላ ላፓራስኮፒ መጣ፣ ቀጥሎ ሮቦት፣ ቁስሉ ትንሽ ሴትዮዋ ቶሎ ትነሳለች፣ አሜሪካና አውሮፓ በሰፊው ገቡበት፣ ዕጣ የተጣለበት ጥናት ሳይጠበቅ። ሁሉም ይሻላል ብሎ አምኖ ነበር'ኮ፣ እኔም በተማርኩበት ጊዜ እንደዛ ነው የተነገረን። ከዛ ላክ የሚባለው ጥናት መጣ፣ ከተለያየ ሀገር 631 ሴቶች፣ ግማሹ በትንሽ ቀዳዳ ግማሹ ተከፍቶ። 740 ሴት ሊያስገቡ ነበር ሀሳባቸው፣ መሀል ላይ የደህንነት ኮሚቴው ቁጥሩን አየና አስቆመው። ካንሰሩ ሳይመለስ አራት ዓመት ተኩል የቆዩት ከተከፈቱት 96.5 በመቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ ከተሰሩት 86.0 በመቶ። በሶስት ዓመት በሕይወት ያሉት 99.0 እና 93.8። ከመቶ ሴት አምስቱ ማለት ነው ልዩነቱ፣ አምስት እናት፣ ለቁስል ትንሽነት ተብሎ። በ2018 ሲወጣ አጠገቡ የአሜሪካ መዝገብ ጥናትም አብሮ ወጣ፣ 2461 ሴቶች፣ በአራት ዓመት የሞቱት በትንሽ ቀዳዳ 9.1 በተከፈተው 5.3 በመቶ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ነው ያሉት።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በላክ ጥናት በትንሽ ቀዳዳ ከተሰሩት ውስጥ በሮቦት የተሰሩት 16 በመቶ ገደማ ናቸው፣ የቀረው ላፓራስኮፒ ነው። ስለዚህ ሮቦቱ ገደለ አይባልም። ምክንያቱ ምንድነው ለሚለው፣ ማህፀኑን ከታች ሆነው የሚያንቀሳቅሱበት ብረት ዕጢውን ይነካካዋል፣ ጋዙም፣ ብልቱ ሆድ ውስጥ እያለ መቆረጡም ሴሉን ይበትነዋል የሚሉ ግምቶች አሉ፣ አልተቋጨም፣ ሮቦቱን ብቻ ከተከፈተው ጋር የሚያወዳድር ራክ የሚባል ጥናት ስዊድኖች ይዘዋል። እስከዛ ግን የአሜሪካው ኤፍ ዲ ኤ በ2019 ሮቦቱ ለማህፀን በር ካንሰርም ለጡት ካንሰርም ደህንነቱና ጥቅሙ አልተረጋገጠም ብሎ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እና አንድ ደላላ እናታችሁን ለማህፀን በር ካንሰር "በሮቦት፣ ጠባሳ ሳይኖራት" ካላችሁ፣ የምትፈልጉት ጠባሳ የሌላት እናት ነው ወይስ እናት? ይቅርታ፣ ትንሽ ጠነከርኩ። ግን እዚህ ሀገር ሆዷን ከፍቶ በደንብ የሚሰራላት ሐኪም ካገኘች በማስረጃ የተደገፈው መንገድ እሱ ነው፣ ድህነት አድርጋችሁ አትዩት።

ደግሞ ይሄ ካንሰር ኦፕሬሽን ክፍል ሳይደርስ የሚያዝ ነው። ኢትዮጵያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች ይሄን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለውን የኤች ፒ ቪ ክትባት ጀምራለች፣ የማህፀን በሩ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚታይበት ምርመራም ጤና ጣቢያ ላይ የሚሰራ ነው፣ ነርስ ትሰራዋለች፣ ደቂቃዎች ነው ሚፈጀው። ሮቦት ላይ የሚጠፋው ወሬ ሩቡ እዚህ ላይ ቢጠፋ ደስ ባለኝ።

ሐሞት ጠጠር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለበት ሰው አይጠፋም፣ ቅባት ሲበላ በቀኝ በኩል የሚያመው። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሜዲኬር፣ ማለት በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ታካሚዎች የታዩበት ጥናት በ2023 ወጣ። የሐሞት ቱቦ ጉዳት፣ ማለት መቆረጥ የሌለበት ዋናው ቱቦ ሲጎዳ፣ በላፓራስኮፒ 0.2 በመቶ ነው በሮቦት 0.7። ከሶስት እጥፍ በላይ። ይሄ ዕጣ የተጣለበት ጥናት አይደለም፣ መዝገብ ነው የታየው፣ አጥኚዎቹ ሊያስተካክሉ ቢሞክሩም የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ሮቦት መለማመጃ ተብሎ ቀላሉ ኦፕሬሽን ስለሚመረጥ ጀማሪ እጅ በዝቶም ይሆናል። ቢሆንስ? ታካሚው መለማመጃ ልሁን ብሎ አልገባ። ለሐሞት ጠጠር ላፓራስኮፒ በቂ ነው፣ በጣም በቂ ነው።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ፣ ማሽኑ በ2010 በተጻፈው ዋጋ ከ1 ሚሊዮን እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በየዓመቱ ሚከፈል የጥገና ውል አለው፣ መሳሪያዎቹ ደግሞ ቆጣሪ አላቸው፣ የተወሰነ ጊዜ ከተጠቀምክባቸው ማሽኑ አልቀበልም ይላል፣ ስል ቢሆኑም። አሜሪካ ውስጥ 264,758 ሴቶች ካንሰር ላልሆነ ምክንያት ማህፀናቸው የወጣበት ጥናት ላይ በሮቦት የተሰራው ከላፓራስኮፒው በ2189 ዶላር በለጠ፣ ኮምፕሊኬሽኑ ግን ተቀራራቢ ነው። ኩላሊት ሲወጣም እንዲሁ፣ በ2678 ዶላር በለጠ፣ ከአራት ሰዓት በላይ የፈጀውም በሮቦቱ በዛ። ሀብታም ሀገር ይቻለዋል። በኛ ሁኔታ ያ ገንዘብ ሌላ ምን ይገዛል ብሎ ማሰብ ግን ግድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኦፕሬሽን ቼክሊስት፣ አንድ ወረቀት፣ በ8 ከተሞች ተሞክሮ ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ አወረደ። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ 5 ሆስፒታሎች ላይ ላይፍቦክስ የሚባል ድርጅት ክሊን ከት የሚል ስራ ሰራ፣ እጅና ቆዳ በደንብ ማጠብ፣ አንቲባዮቲኩን በሰዓቱ መስጠት፣ ጋውኑ ቀዳዳ እንዳይኖረው ማየት፣ ዕቃው በትክክል መቀቀሉን ማረጋገጥ፣ ጎዝ መቁጠር፣ ቼክሊስቱን ከልብ መጠቀም፣ ኢንፌክሽን በ35 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከሮቦት ጥናቶቹ ውስጥ በዚህ ትንሽ ወጪ ይሄን ያህል ያተረፈ ፈልጉና አምጡልኝ። ቪዲዮ ግን አይወጣለትም፣ እጅ መታጠብ ማን ያያል።

ሮቦት ጠላሁ እንዳትሉኝ። ኪጋሊ ላይ በ2023 የተከፈተ ኢርካድ የሚባል የትንሽ ቀዳዳ ሰርጀሪ ማሰልጠኛ አለ፣ ቅድም ያልኳችሁ የማሬስኮ ተቋም ቅርንጫፍ ነው፣ ልጆቻችን እዛ ሄደው ቢማሩ ደስ ይለኛል፣ መጀመሪያ ላፓራስኮፒውን ግን፣ ወደ ሮቦት የሚያሻግረው ድልድይ እሱ ነው። 1954 ላይ ጤና መኮንን ለማሰልጠን የተከፈተ ኮሌጅ ያለበት ከተማ ነው ይሄ፣ ገጠር ወርዶ መከላከልን ያስተማረ ከተማ ነው፣ የሚያስቀድመውን ያውቃል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ ተጠይቄ ነበር። አንድ የሕክምና ተማሪ "መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?" አለ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ አለው፣ ዋናው ግን ጀነሬተሩና ቡድኑ ነው፣ ክንዶቹን አላቆ ሆድ ከፍቶ ለመጨረስ የተለማመደ ቡድን ከሌለ ሮቦት አይጀመርም። እሱው ቀጥሎ "ይበላሻል እንዴ?" አለኝ። ከ2000 እስከ 2013 ለኤፍ ዲ ኤ የተላኩ ከ10,000 በላይ ሪፖርቶች ተቆጥረዋል፣ ከነሱ 144 ሞት። ግን አትደንግጡ፣ በዛ ጊዜ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ኦፕሬሽን ተሰርቷል፣ ሞቱም ሁሉ በማሽኑ ምክንያት ነው ተብሎ አልተረጋገጠም፣ አብዛኛው ሪፖርት የመሳሪያ ብልሽት ነው፣ የሚደርሰው ሁሉ ሪፖርት ስለማይደረግም ያልተላከው ስንት እንደሆነ ከቁጥሩ አይወጣም። አካፋይ የሌለው ቁጥር ሲነገራችሁ ለማስፈራራትም ለማባበልም ያገለግላል፣ ተጠንቀቁ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ደግሞ ተነሱ። ወንድማቸው የፊንጢጣ ካንሰር ተገኝቶበታል፣ ሕንድ ይሂድ ተብሏል፣ ደላላው "ሮቦት አለ" ብሎ ዋጋ ጠርቷል፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤት ሊሸጥ ነው። "ልላከው ወይስ ይቅር፣ ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አሉኝ። ቅድም ለፊንጢጣ ካንሰር ማስረጃው ጠንከር ይላል ስላልኩ ልባቸው ወደዛ ሄዷል። እህቴ፣ አልኳቸው፣ የ1.6ና የ4.0 ልዩነት ቤት የሚያሸጥ ልዩነት ነው ወይ የሚለውን ቤተሰቡ ይወስን፣ እኔ ግን ከሮቦቱ በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ። ዕጢው ከፊንጢጣ መውጫው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፣ የአንጀቱን ግድግዳ አልፏል ወይ፣ ጉበትና ሳንባ ንጹህ ነው ወይ። ግድግዳውን ካለፈ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ጨረርና ኬሞ ነው የሚሰጠው፣ ኦፕሬሽኑ ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ሕንድ ሄዶ ወዲያው በሮቦት ቢቀደድ ተራው ሳይደርስ ተቀደደ ማለት ነው። ጨረሩ ሀገር ውስጥ ሊያገኝ ይችል እንደሆነም አብረን እንጠይቃለን። ለደላላው ደግሞ የሚጠይቁት አለ፣ የሚሰራው ሰርጅን ስሙ ማነው፣ ይሄንኑ ኦፕሬሽን እሱ ራሱ በዓመት ስንት ይሰራል፣ ከስንቱ ሆድ ተከፍቶ ይጨረሳል፣ ሆድ ቢከፈት ዋጋው ስንት ይሆናል፣ ስፌቱ ቢያፈስና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢገባ ማነው ሚከፍለው፣ ለጊዜው በሆድ በኩል ሰገራ የሚወጣበት ከረጢት ከተደረገለትስ መዝጊያውን ማን ይሰራለታል፣ ሁለተኛ ትኬት ነው እሱ። መልሱን በጽሑፍ ይስጥ። "ችግር የለም፣ ሁሉም ተካቷል" የሚል ከሆነ አይመኑት።

"ወረቀቶቹን ሁሉ ይዣለሁ" አሉ፣ ከፌስታል አወጡ። ሲ ቲው አለ፣ የባዮፕሲው ውጤት አለ፣ የዳሌ ኤምአርአይ ግን አልተነሳም። ያለሱ እኔም ሕንድም ያለው ሰርጅን ምንም ማለት አንችልም። መጀመሪያ እሱን ያስነሱ፣ የባዮፕሲውን ብሎክና ስላይድ፣ ማለት የተወሰደውን ናሙና ራሱን፣ ከላቦራቶሪው ይጠይቁ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ውጪ ከሄደም ድጋሚ ሊያዩት ይፈልጋሉ። ሲወጣ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ይቀበሉና ወንድምዎን ይዘውት ይምጡ፣ ቤቱን እስከዛ አይሽጡት።